በሩ እምቢ አለ እንጂ ግምጃ ቤቱ አልጠፋም

በአገራችን ለኮምፒውተር ሕመም ሁሉ አንድ መድኃኒት አለ። ስሙ ፎርማት ይባላል። ኮምፒውተሩ ቀርፋፋ ሆነ? ፎርማት። ቫይረስ ገባበት? ፎርማት። ፕሪንተሩ አልታዘዝ አለ? “እስቲ ለማንኛውም ፎርማት እናድርገው።” እንደ ጠበል ነው እንዳንል ጠበሉን መድፈር ይሆንብናል። ጠበል ሰይጣኑን አስለፍልፎ ያስወጣና ሰውየውን ለቤተሰቡ ይመልሳል። ፎርማት ግን ሰይጣኑንም ሰውየውንም አንድ ላይ ነው የሚሸኛቸው።

ዛሬ የምናወጋችሁ ከእነዚህ ሕመሞች ስለ አንዷ ነው። ዴስክቶፕ ላይ የተጫነ የኢሜይል ፕሮግራም አለ፤ አውትሉክ በሉት፣ ተንደርበርድ በሉት። አንድ ቀን ጠዋት ምልክቱን ሁለቴ ትጫናላችሁ፤ አርማው ብልጭ ይልና ይጠፋል። ደግማችሁ ትጫናላችሁ፤ ያው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጫኑ ብልጭታውም ይቀራል። “አሁን ይሄም ጽሑፍ ይወጣዋል?” የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ሁሉም ነገር ስልክ ውስጥ በገባበት ዘመን ዴስክቶፕ ላይ ኢሜይል የሚያነብ ማን ቀረ? ቀርቷል እንጂ! የጽሕፈት ቤት ጸሐፊ አለች፣ የማኅበር ሒሳብ ያዥ አለ፣ አንዴ የለመዱትን ፕሮግራም ሰማይ ቢደፋ የማይቀይሩ ጡረተኛ መምህር አሉ። እኛም ነገሩን ያወቅነው ከእንዲህ ያሉ መምህር ቤት ነው።

በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር ወደ አዊ ሄደን ነበር፤ ጥር 23 ቀን የሚከበረውን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ ለማየት። ስለ ፈረሶቹ ሌላ ጊዜ እናወራለን። ከበዓሉ በኋላ ወደ ግምጃ ቤት አቀናን። ግምጃ ቤት ስንል የመንግሥት ገንዘብ የሚቀመጥበትን ማለታችን አይደለም፤ የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ግምጃ ቤትን ነው። ከመካከላችን አንዱ የተማረው እዚያ ነው፤ ያስተማሩት መምህርም እዚያው አሉ። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። “ስሜን አታንሱ” ስላሉን አናነሳም።

ጋሼ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የያዙት ሥራ አለ፤ የአውንጊ ቃላት ይሰበስባሉ። አውንጊ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ዋግ ኽምራ ያለው ኽምጣንጋ፣ ኤርትራ ያለው ብሊን ወንድሞቹ ናቸው። በአዊ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ልጆች ይማሩበታል። ዳሩ ግን ቃል ሁሉ ትምህርት ቤት አይገባም። የፈረስ መልክ ስንት ስም አለው? የኮርቻው እያንዳንዱ ማሰሪያ ምን ይባላል? የቀርከሃ አጥር ሲታጠር፣ ቀፎ ሲሰቀል የሚነገረው ቃልስ? ጋሼ በየአገሩ የተበተኑ ተማሪዎቻቸውን “እናትህን ጠይቅና ጻፍልኝ” እያሉ ያስጽፋሉ። አንዱ ከባሕር ዳር፣ አንዷ ከአዲስ አበባ፣ አንዱ ከዋሽንግተን ይልካሉ፤ ቃሉን፣ ፍቺውን፣ ማን እንደነገራቸው ጭምር። ይህ ሁሉ የተቀመጠው ጠረጴዛቸው ላይ ባለ ዊንዶውስ 7 ኮምፒውተር፣ አውትሉክ 2007 ውስጥ ነበር። ቃሉን ከነገሯቸው እናቶች አንዳንዶቹ ዛሬ በሕይወት የሉም።

እኛ ከመድረሳችን ከጥቂት ቀናት በፊት፣ ጋሼ ደብዳቤ እየጻፉ ሳለ መብራት ድርግም አለ። ሲመለስ ኮምፒውተሩ ተነሳ፤ አውትሉክ ግን አልነሳም አለ። አንድ ወጣት ባለሙያ ተጠርቶ መጣ፣ አየ፣ ፈረደ።

“ጋሼ፣ ፎርማት ይደረግ።”

“ደብዳቤዎቼስ?”

“ኢሜይል አይደል እንዴ ጋሼ? ኢንተርኔት ላይ ይኖራል።”

እዚህች ጋ ቆም እንበል። የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ ያለው እዚህች መልስ ውስጥ ነውና።

አብዛኞቻችን ያደግነው ፖስታ ሣጥን ባለበት አገር ነው። ደብዳቤ ራሱ ቤት ድረስ አይመጣም፤ ቁልፍ የያዘ ሰው ተልኮ ከሣጥኑ ያመጣዋል። መጥቶ ከተነበበ በኋላ ደብዳቤው ያለው የት ነው? ፖስታ ቤት አይደለም። እናታችን ሣጥን ውስጥ፣ ከነጠላዋ ሥር ነው። የኢሜይል ፕሮግራምም መጀመሪያ የተሠራው በዚሁ ልማድ ነው። ፖፕ የሚባለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1984 ሲነደፍ የተሰጠው ሙሉ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ “የፖስታ ቤት ስምምነት” እንደማለት ነው። ፕሮግራሙ እንደ ተላከ ልጅ ሄዶ ሣጥኑን ይከፍታል፣ ደብዳቤውን ያመጣል፣ እናንተ ኮምፒውተር ውስጥ ያስቀምጣል። “ቅጂውን እዚያው ተው” ብላችሁ ካላዘዛችሁት፣ ፖስታ ሣጥኑን ባዶ አድርጎ ነው የሚመጣው። አይማፕ የተባለው ሌላው ዘዴ ደግሞ ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ትቶ እናንተን እዚያው ያስነብባችኋል። ሁለቱም “ኢሜይል” ይባላሉ። ፕሮግራሙ በታመመ ቀን ግን ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። በነገራችን ላይ፣ ስቲቭ ዶርነር እ.ኤ.አ. በ1988 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሠራው ዩዶራ የተባለ የኢሜይል ፕሮግራም ስሙን ያገኘው ከአሜሪካዊቷ ደራሲ ዩዶራ ዌልቲ ነው። ፖስታ ቤት ገብታ ስለምትኖር ሴት የጻፈችው አጭር ልቦለድ አለ። ባለ ፕሮግራሞቹም ከፖስታ ቤቱ ወግ አልወጡም ማለት ነው።

ለእኛ አገር ይህ ዘዴ ቅንጦት ሳይሆን የግድ ነበር። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከዚያ በፊት በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ አዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የሚባለው ክፍል ፊዶኔት በተሰኘ ዘዴ ኢሜይል ያቀባብል ነበር። ደብዳቤው ይጠራቀማል፣ ስልክ ይደወላል፣ በአንድ ጥሪ የሚሄደው ይሄዳል የሚመጣው ይመጣል፣ ስልኩ ይዘጋል። ሰው የመጣለትን የሚያነበው ስልኩ ከተዘጋ በኋላ፣ ተረጋግቶ ነው። በዳያል አፕ ዘመንም እንዲሁ ነበርን። ሒሳቡ በደቂቃ ስለሚቆጠር መስመር ላይ ቁጭ ብሎ ደብዳቤ ማንበብ ብርን እሳት ላይ ማንደድ ነው። ተገናኝ፣ አምጣ፣ ቁረጥ፣ አንብብ። ጋሼም የለመዱት ይህንን ነው። ዶንግሉን ሰክተው ያመጣሉ፣ ይነቅላሉ፣ ሻያቸውን ይዘው ያነባሉ። የመጀመሪያው አድራሻቸው ከተዘጋ ቆይቷል፤ በዚያ አድራሻ የመጡት ደብዳቤዎች በዓለም ላይ ያሉት በአንድ ቦታ ብቻ ነው። እዚያች ጠረጴዛ ላይ። ወጣቱ “ኢንተርኔት ላይ ይኖራል” ሲል በቅንነት ነው። የሌለ ነገር ነው እንጂ።

እንግዲህ የሠራነውን በቅደም ተከተል እንንገራችሁ፤ ነገ የእናንተም በር እምቢ ቢል ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ በሩን ተውነውና ግምጃ ቤቱን ፈለግን። አውትሉክ በር ነው። ደብዳቤው ያለው ግን ፒኤስቲ የሚባል አንድ ፋይል ውስጥ ነው። ከአውትሉክ 2010 ወዲህ ባሉት ብዙውን ጊዜ “ዶክመንትስ” ውስጥ ይገኛል፤ በፊተኞቹ ግን ስውር ፎልደር ውስጥ ስለሚደበቅ፣ ዊንዶውስን “የተደበቁትንም አሳየኝ” ማለት ያስፈልጋል። የተንደርበርድ ደግሞ “ፕሮፋይል” በሚባል ፎልደር ውስጥ ነው። አገኘነው። ሌላ ምንም ሳንነካ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ቀዳነው። ሁለት ጊዜ ቀዳነው። ጋሼ “ሁለት ለምን?” አሉ። “አንዱ ለመጠገን፣ አንዱ እንዳይነካ” አልናቸው። ከዚህ በኋላ ፎርማት ቢመጣም አያስፈራም። አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ አንቀጽ ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህንን ያዙ።

ቀጥሎ ቀላል ቀላሉን ምክንያት አንድ በአንድ አጣራን። ፕሮግራሙ ሳይታይ ከኋላ ተከፍቶ ተንጠልጥሎ እንደሆነ አየን። ብዙ ጊዜ “አልከፈት አለ” የሚባለው በር ለካስ ውስጥ ሰው ገብቶ የቆለፈው ነው። ታስክ ማኔጀር ከፍቶ ስሙን መፈለግና ማስቆም፣ ወይም ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት ይበቃዋል። ተንደርበርድ በተለይ “አስቀድሜ ተከፍቻለሁ፣ ግን መልስ አልሰጥም” የሚል መልእክት የሚያወጣው ለዚህ ነው፤ መብራት ድንገት ሲሄድም ፕሮፋይሉ ውስጥ የቀረ ትንሽ የመቆለፊያ ፋይል እንዲህ ሊያደርገው ይችላል። የጋሼ ይህ አልነበረም።

ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ አየን። አልሞላም። የፋይሉን መጠን አየን። እስከ አውትሉክ 2002 ድረስ በነበረው አሮጌ አሠራር አንድ ፒኤስቲ ከ2 ጊጋባይት ማለፍ አይችልም፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ደብዳቤ አልቀበልም፣ አልከፈትም ይላል። ከአውትሉክ 2003 ጀምሮ አዲስ አሠራር መጣ፤ ከድሮ ጀምሮ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ የኖረ ፋይል ግን አዲስ ፕሮግራም ውስጥም ሆኖ የድሮውን ወሰን ይዞ ይኖራል። የጋሼ ፋይል ከዚያ በታች ነበር።

ከዚያ ተቀጥላዎቹን ጠረጠርን። አንቲቫይረሱም፣ ሌላውም ፕሮግራም አውትሉክ ላይ የራሱን ተቀጥላ ይለጥፋል፤ አንዱ ሲበላሽ ባለቤቱን ይዞ ይወድቃል። ይህንን ለማወቅ የኮንትሮል ቁልፍን ተጭኖ ይዞ የአውትሉክን ምልክት መክፈት ነው፤ “ያለ ተቀጥላ ልከፈት?” ብሎ ይጠይቃል። ለተንደርበርድ ሺፍት ነው። እንዲህ ተከፍቶ ከሠራ ጥፋቱ የተቀጥላው ነው። የጋሼ አሁንም እምቢ አለ። ግን በዚህ ጊዜ ዝም ብሎ አልጠፋም፤ በፋይሉ ውስጥ ስህተት እንዳገኘ ተናገረ። ሕመምተኛው አፉን ከፈተ ማለት ነው።

ከአውትሉክ ጋር አብሮ የሚመጣ፣ ብዙ ሰው ግን የማያውቀው ትንሽ መጠገኛ አለ። ስካንፒኤስቲ ይባላል። ፋይሉን ከዳር እስከ ዳር ይፈትሻል፣ የተሰበረውን ይቀጥላል፤ ከመጠገኑ በፊትም መጠባበቂያ ቅጂ ልሥራ ወይ ብሎ ይጠይቃል። በአንደኛው ቅጂ ላይ ለቀቅነው። ድንችና በርበሬ ቀርቦልን በልተን ስንጨርስ እሱ ገና ነበር። ወጣቱ ባለሙያም ሄዶ ነበርና ተመልሶ መጣ፤ ከኋላችን ቆሞ “ፋይሉ የት ነበር ያላችሁት?” ብሎ በስልኩ ፎቶ አነሳ። ወደነው። ልጁ ሰነፍ አይደለም። በቀን ስንት ማሽን ይጠብቀዋል፣ ፎርማት ሁሌም ይሠራል፣ ባለቤቱም ኮምፒውተሩ ሲነሳ ካየ ከፍሎ ይሄዳል። የጠፋውን የሚያውቀው ከወር በኋላ ነው። እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ ጊዜ ወስዶ ፋይል የሚፈልግ ባለሙያ ከስሮ ያድራል። ስለዚህ ጠያቂው ባለቤቱ መሆን አለበት፤ “መጀመሪያ ቅዳልኝ፣ ለእሱም እከፍልሃለሁ” ማለት ያለበት እሱ ነው።

አውትሉክ ተከፈተ። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ። በግራ በኩል ከለመዱት ፎልደሮች ሌላ “የጠፉና የተገኙ” የሚል ትርጉም ያለው አዲስ ፎልደር ተጨምሯል፤ መጠገኛው የማን እንደሆኑ ያላወቃቸውን ደብዳቤዎች የሚያጠራቅመው እዚያ ነው። ጋሼ በቀጥታ የሄዱት ግን ወደ አንድ አሮጌ ደብዳቤ ነበር፤ አንድ ተማሪያቸው እናቱን ጠይቆ የላከው የፈረስ መልኮች ዝርዝር ነው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። አውንጊ የምናውቀው ከመካከላችን አንዱ ብቻ ነው፤ ሌሎቻችን የሰማነው ዜማውን ነበር። ከደብዳቤዎቹ ጥቂቶቹ ግማሻቸው ተቆርጦ ነው የተገኙት። ጋሼ ወረቀት አውጥተው የላኪዎቹን ስም መዘገቡ። “እነዚህን ደውዬ እንደገና አስጽፋቸዋለሁ፤ እናቶቻቸው ካሉ” አሉ።

አንድ ሌላ ጉድም ወጣ። ጋሼ ለወራት አዲስ ደብዳቤ አልመጣላቸውም ነበር። ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር የይለፍ ቃል ይጠይቃል፣ ይጽፋሉ፣ መልሶ ይጠይቃል፤ ሲሰለቻቸው ይዘጉታል። “ልጆቹ ረስተውኛል ብዬ ተቀምጬ ነበር” አሉን። አልረሷቸውም። ጉግል ከእ.ኤ.አ. ግንቦት 30 ቀን 2022 ጀምሮ የይለፍ ቃል ብቻ ይዘው የሚመጡ አሮጌ ፕሮግራሞችን መቀበል አቁሟል። የተላከው ልጅ ቁልፉ አልገባ ብሎት በር ላይ ቆሞ ነበር። በስልካችን ሣጥኑን ስንከፍተው ደብዳቤው ተደርድሯል። ለአዲሶቹ ተንደርበርድ ጫንላቸው፤ እሱ አዲሱን መግቢያ ያውቃል። አሮጌዎቹን ባሉበት ትተን፣ አባሪ የሆኑትን የቃላት ዝርዝሮች ግን ለይተን ፎልደር ውስጥ አስቀመጥናቸው፤ አንድ ጊዜም በወረቀት አሳተምናቸው።

አሁን ደግሞ የሚሞግተን አንባቢ ይኖራል። “ይህ ሁሉ ጣጣ ከሚሆን በቀጥታ በብራውዘር ማንበብ አይሻልም? እዚያ ምን ይጠፋል?” ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ አንክድም። ግን ሁለት ነገር አስቡ። ጉግል ከእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2023 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ባለቤቱ ያልጎበኘውን አካውንት ከነደብዳቤው ሊሰርዝ እንደሚችል አስታውቆ ሥራ ላይ አውሎታል። ሁለት ዓመት ረጅም ነው ትሉ ይሆናል። ታሞ የተኛ፣ ታስሮ የቆየ፣ ወይም ሞቶ ልጆቹ የይለፍ ቃሉን ያላገኙ ሰው ጋ ግን ረጅም አይደለም። ሁለተኛው ለእኛ የቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ ደብዳቤው ሁሉ ደመና ላይ ያለ ሰው፣ ደብዳቤ እንደሌለው ሰው ሆኗል። ጋሼ በስልክ የተገኙ ቀን “እኔ እኮ ሥራ አላቆምኩም” አሉን። የተጠራቀመው ቃል ሁሉ ቤታቸው ነበር። መብራት ባለ ቀን ከኮምፒውተሩ፣ በሌለ ቀን ከወረቀቱ እያዩ በፊደል ተራ ሲደረድሩት ከርመዋል።

ስለዚህ ደመናው ወይስ ቤት የሚለው ክርክር ለእኛ ዓይነቱ ሰው ክርክር አይደለም። ሁለቱም ጋ ይቀመጥ። አንዱ ሲዘጋ አንዱ ይከፈታል። ክፉው ነገር ግምጃ ቤታችን የት እንዳለ አለማወቃችን ነው።

የጋሼን ያነሳነው አንጀታችንን ስለበላው ብቻ አይደለም። በየጽሕፈት ቤቱ ስንት ጋሼ አለ? ሠራተኛው ይቀየራል፣ አዲሱ ሲመጣ “ለአዲሱ ሠራተኛ ኮምፒውተሩ ይጽዳ” ይባላል፣ ይጸዳል። ከለጋሽ ጋር የተደረገው ስምምነት፣ የገበሬው አቤቱታ፣ ማን ለማን ምን እንደመለሰ የሚያሳየው ሁሉ አብሮ ይጸዳል። አባቶቻችን በ1936 ዓ.ም. ወመዘክርን ሲያቋቁሙ ያሰቡት ስለ ብራናና ስለ ወረቀት ነበር። የእኛ ዘመን መዝገብ ግን በየጠረጴዛው፣ ስሙን በማናውቀው ፋይል ውስጥ ነው ያለው፤ ጠባቂው ደግሞ ማንም ያልሾመው፣ ፎርማት ሲዲ ወይም ፍላሽ የያዘ ወጣት ነው።

እኛ ኮሚቴ ይቋቋም አንልም፤ ኮሚቴማ መች አጣን። የምንለው ይህን ነው። ኮምፒውተራችሁ ጎን ላይ አንዲት ወረቀት ለጥፉ። ደብዳቤዎቼ ያሉበት ፋይል ይሄ ነው፤ ያለውም እዚህ ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ የቀዳሁት በዚህ ቀን ነው፤ ቅጂው እገሌ ቤት ነው። የይለፍ ቃሉን ግን እዚያ አትጻፉ፤ ለምታምኑት ሰው በሌላ መንገድ ስጡ። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ፕሮግራሙ እምቢ ያለ ቀን የሚመጣው ባለሙያ መጀመሪያ የሚያነበው እሷን ወረቀት ይሁን።

ጋሼ አሁንም ቃል እየሰበሰቡ ነው። አገው ምድር የበቀላችሁ፣ እናት ወይም አያት ያለቻችሁ፣ ዛሬ ማታ ደውላችሁ አንድ ቃል ጠይቁና ጻፉት። የትም ጻፉት፤ ብቻ ሁለት ቦታ ይሁን።

ቸር እንሰንብት።